ስለ በረዶ መሥሪያ መኪና አያያዝና ንጽሕና

በዚህ ዓምድ ከአሁን ቀደም ስለ ውሃ በርሜል አከዳደን፣ ስለ አዲስ ምጣድ አሟሸት፣ ልብስንም ከብል ስለ መጠበቅ ያቀረብነውን ጽሑፍ በመልካም ፈቃድ ተቀብላችሁናል። ዛሬ ደግሞ ወደ አገራችን ቤቶች ከገባ ገና ብዙ ዘመን ስላልሆነው፣ በጠረጴዛ ላይ ስለሚቀመጠው የበረዶ መሥሪያ መኪና አያያዝና አስተጣጠብ ልንጽፍ አስበናል። ነገሩ ለአንዳንዱ ሰው የቅንጦት ሆኖ ሊታየው ይችላል። እኛ ግን ይህን አርእስት የመረጥነው በራሳችን ቤት በደረሰው ነገር አፍረን ስለ ሆነ፣ ታሪኩን በቦታው እንናገራለን።

በረዶ በቀድሞ ዘመን የሰማይ ሥራ ብቻ ነበር። በደጋው አገር በክረምት ሲወርድ ልጆች በሳህን እየለቀሙ ይደሰቱበታል፤ ገበሬው ግን ቡቃያውን ስለሚያጠፋበት ይፈራዋል። በባሕር ማዶ ፍሬድሪክ ቱዶር የሚባል የቦስተን ነጋዴ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1806 ዓ.ም.፣ ከኩሬ የተቈረጠ በረዶ በመርከብ ጭኖ ማርቲኒክ ወደምትባለው የሙቀት አገር ደሴት በወሰደ ጊዜ ብዙ ሰዎች ሳቁበት፤ በ1833 ግን የዚሁ ሰው በረዶ እስከ ሕንድ አገር፣ እስከ ካልካታ ድረስ ደረሰ። ጆን ጎሪ የተባለ በፍሎሪዳ ይኖር የነበረ ሐኪም ደግሞ በንዳድ የታመሙትን ሰዎች ለማቀዝቀዝ ሲል በረዶ የሚሠራ መኪና አስቦ በ1851 የፈጠራ መብት ወረቀት ተቀበለ። ነገር ግን ሥራውን የሚያስፋፋበት ገንዘብ የሚሰጠው ሰው ሳያገኝ በ1855 ሞተ። ይህ መኪና እንግዲህ ከመነሻው ለሕሙማን ዕረፍት ተብሎ የታሰበ ሲሆን፣ እኛ በቸልተኝነታችን የሕመም ምንጭ ልናደርገው እንደምንችል ማየት የሚያሳዝን ነው።

አሠራሩን ሳያውቁ ማጠብ ስለማይቻል አስቀድመን ስለ ውስጡ ጥቂት እንናገር። ከመኪናው በታች ውሃ የሚቀመጥበት ጕድጓድ አለ። ኤሌክትሪክ በተሰጠው ጊዜ አንድ ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ከዚያ እየሳበ ከላይ ወዳለች ጠባብ ገበታ ያወጣዋል። በዚህች ገበታ ውስጥ እንደ ሰው ጣት የሚመስሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዘጠኝ የሆኑ፣ ቀጫጭን ብረቶች ቍልቍል ተነክረው ይቆማሉ። የሚያቀዘቅዘው ጋዝ በብረቶቹ ውስጥ ሲያልፍ ውሃው በዙሪያቸው እየረጋ ይሄድና ከስድስት እስከ አሥራ ሦስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንደ ስፌት ቆብ ውስጡ ክፍት የሆነ በረዶ ይሆናል። ከዚህ በኋላ መኪናው ፊቱን አዙሮ ትኵስ ጋዝ ወደዚያው ብረት ይልካል፤ በረዶውም ከጣቶቹ ይላቀቅና በምትገፋ ሰሌዳ ተገፍቶ ወደ ቅርጫት ይወድቃል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያማረ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ቀጥሎ የምንናገረው ነው። ያ ቅርጫት የማቀዝቀዣ ሣጥን አይደለም። በረዶውን የሚያቈይ ቅዝቃዜ በዚያ ስለሌለ፣ ሳይነሣ የቀረው በረዶ ይቀልጥና ውሃው በቅርጫቱ ቀዳዳ ወደ ታችኛው ጕድጓድ ተመልሶ ይወርዳል፤ ፓምፑም ያንኑ ውሃ እንደ ገና ስቦ ያወጣዋል። እንግዲህ በቅርጫቱ ውስጥ የገባ እጅ፣ በእጁ ላይ የነበረው እድፍ፣ ከክዳኑ የወደቀው አቧራ፣ ሁሉም ከውሃው ጋር ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። አንድ ሰው የታጠበበትን ውሃ ሌላው እንዲታጠብበት ማድረግ በእኛ አገር ነውር ነው፤ ይህ መኪና ግን ካልተጠበቀ ያንኑ የሚመስል ነገር በዝምታ ያደርጋል።

ብዙዎች ደግሞ፣ «ብርድ ተባይን ይገድላል፤ በረዶ ከሆነ በኋላ ምን ያመጣል?» ይላሉ። ይህ አሳብ እውነት አይደለም። ፕረደን የሚባል የኒው ዮርክ ሐኪም በ1887 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ይህን መርምሮ፣ የአንጀት ተስቦ የሚያመጡት ረቂቃን ተሕዋስያን በበረዶ ውስጥ ከመቶ ቀን በላይ ሳይሞቱ እንደ ቈዩ አገኘ። ብዙዎቹ በብርድ ይዳከማሉ፣ ቍጥራቸውም ይቀንሳል፤ የተረፉት ግን በረዶው በብርጭቆ ውስጥ በሟሟ ጊዜ ከእንቅልፋቸው እንደ ነቁ ሆነው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ጉበትን የሚያሳምመው ቫይረስም በበረዶ አይሞትም። ስለዚህ በረዶ ማለት የሚጠጣ ውሃ ማለት ነው፤ ለመጠጥ ያልተገባ ውሃ ለበረዶም አይገባም።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። እኛ የምንኖረው በድሬ ዳዋ ነው። ከተማይቱ በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ በደረሰ ጊዜ የተቈረቈረች መሆንዋን፣ ሙቀትዋንም፣ አንባቢዎቻችን ታውቃላችሁ። በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ ከሠላሳ አምስት ዲግሪ በላይ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ዘመድ ከውጭ አገር ሲመጣ ይህን መኪና ይዞልን በመጣ ጊዜ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። መኪናውን በማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ አኖርነው፤ አብሮት የመጣውንም የመመሪያ መጽሐፍ በላስቲኩ እንደ ተጠቀለለ በመሳቢያ ውስጥ ጣልነው። በቤታችን ታገለግል ለነበረችው ልጅ፣ «ውሃ ሲያልቅ ጨምሪ» ብለን ከማዘዝ በቀር ሌላ ቃል አልተናገርናትም። እንዲህ ሆኖ ስምንት ወር ዐለፈ።

በ2016 ዓ.ም. በግንቦት ልደታ ቀን ጎረቤቶቻችን ከልጆቻቸው ጋር በግቢያችን ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። ንፍሮ ተቀቀለ፣ ዳቦ ተቈረሰ፣ ቡና ተፈላ። ለልጆቹ የሎሚ ጭማቂ በስኳር ተበጥብጦ በረዶ ተጨመረበት። በዚያው ሌሊት አራት ልጆች ታመሙ። ከእነርሱ አንዷ የሰባት ዓመት ልጃችን ነበረች፤ ሆድዋ አልጠና ብሎ፣ የበላችውም አልረጋ ብሎ፣ ሁለት ሌሊት በሐኪም ቤት ተኛች። ያን ጊዜ የነበረብንን ጭንቀት ልጅ የወለደ ሁሉ ስለሚያውቀው አናስረዝመውም። ሐኪሙ፣ «ከምግብ ወይም ከመጠጥ የመጣ ነው» አለን።

ጭማቂውን የበጠበጠችው ልጅቱ ነበረች። ጠራናትና ጠየቅናት፤ እጅዋን በሳሙና ታጥባ እንደ ሠራች፣ ሎሚውንም እንዳጠበች ተናገረች። እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ስንውል የምንሰማው ክሕደት ብዙ ነውና፣ ይህንንም ከዚያው ቈጠርነው። በሦስተኛው ቀን ዋስዋን አስጠርተን አሰናበትናት፤ ይባስ ብለንም የግማሽ ወር ደመወዝዋን ለመድኃኒት ያወጣነው ይሁን ብለን አስቀረነው። ልጅቱም አልተከራከረችም፤ ሻንጣዋን አንሥታ፣ «እግዜር ይማራት» ብላ ስለ ልጃችን ጸልያ ሄደች።

ከዚህ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ መኪናው ይጮኽ ጀመር፤ የሚያወጣውም በረዶ ትንንሽና ስስ ሆነ። የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ጠርተን አሳየነው። ሰውዬው ክዳኑን ከፍቶ አንድ ጊዜ ተመለከተና ጣቱን ከገበታይቱ በታች አሳልፎ አወጣው። በጣቱ ላይ ቀላ ያለና ወደ ጥቍረት የሚያደላ ልጋግ ተጣብቆ ነበር። በብረቶቹም ላይ እንደ ቅርፊት የሆነ ነጭ ኖራ ተጋግሯል። «ጌታዬ፣ ይህ መቼ ታጥቦ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀን። እኛና ባለቤታችን ተያየን። «መመሪያው የት ነው?» አለ፤ ከመሳቢያው አውጥተን ሰጠነው፤ ላስቲኩ ገና አልተቀደደም ነበር። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በቻይንኛ ስለ ነበረ አገላብጦ መልሶ ሰጠን፤ «እርስዎ ያንብቡልን» አለ።

አነበብነው። በጥቂቱ በሳምንት አንድ ጊዜ መታጠብ እንዳለበት፣ በየቀኑም ውሃው መለወጥ እንደሚገባው በግልጥ ተጽፏል። ዳዊት ከደገምን በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተን የተማርነው ፈረንሳይኛ ለዚህ ቀን እንኳ አልጠቀመንም። በዚያ ቤት ከነበሩት ሰዎች ሁሉ ያንን መጽሐፍ ማንበብ የምንችል እኛ ብቻ ነበርን።

በዚያው ምሽት አንድ ነገር ትዝ አለን። የጎረቤታችን ሴት ልጅ ጕሮሮዋን ስለሚያማት፣ «ለእኔ በረዶ አትጨምሩብኝ» ብላ ከዚያው ማሰሮ፣ ከዚያው እጅ ተቀድቶላት የጠጣች ነበረች፤ እርስዋም ምንም ሳትሆን በደኅና አደረች። ይህን ያን ጊዜም አውቀነዋል፤ ግን አላሰብነውም። የበረዶው ውሃ ተወስዶ በመርማሪ ቤት ስላልታየ ሕመሙ ከዚያ መጣ ብለን ዛሬም በመሐላ ለመናገር አንደፍርም። ነገር ግን ለመከላከያ የሚሆን ምስክር በእጃችን እያለ ሳንጠራው ፈርደናል። ይህን አሠራር በመዝገብ ላይ ብናገኘው ኖሮ ምን እንደምንል እናውቃለን።

ጠጋኙ ያሳየንንና ከመመሪያው ያነበብነውን አንድ ላይ አድርገን አስተጣጠቡን እንዲህ እንጽፋለን። ነገር ግን የየመኪናው ጠባይ ስለሚለያይ፣ ከራሱ ጋር የመጣው መመሪያ ከእኛ ቃል የሚለይ እንደ ሆነ የመመሪያው ቃል ይበልጣል።

ከሁሉ አስቀድሞ የኤሌክትሪኩን ሶኬት መንቀል ነው። ከዚያ በታች ያለውን የውሃ ማፍሰሻ ቡሽ ከፍቶ ያለውን ውሃ ሁሉ በባልዲ ማውጣት፤ ቅርጫቱንና ማንኪያውን አውጥቶ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥቦ አጥልሎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የውስጡ ግድግዳ፣ የክዳኑ ውስጠኛ ፊት፣ ገበታይቱም ከላይና ከታች፣ በለሰለሰ ጨርቅና በጥቂት ሳሙና ይታሻሉ። ልጋግ የሚወድደው ዓይን የማያየውን ሥፍራ ነውና፣ ጥርስ መፋቂያ ብሩሽ ያረጀ ቢኖር ለማዕዘኑ እጅግ ይጠቅማል። ሳሙናው በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ካልለቀቀ በሚቀጥለው በረዶ ላይ ሽታው ይታወቃል።

ኖራው ግን በሳሙና አይለቅም። እዚህ ላይ ስለ ውሃችን ጥቂት መናገር ግድ ይሆናል። የድሬ ዳዋ ውሃ ከጕድጓድ የሚወጣ ነው፤ ምድሩም ሲሚንቶ የሚሠራበት የኖራ ድንጋይ ያለበት ስለ ሆነ ውሃው ካልሲየምና ማግኒዝየም የሚባሉትን ማዕድናት ይዞ ይወጣል። የከተማችን እመቤቶች በሻይ ማንቆርቆሪያቸው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ያው ቅርፊት በመኪናው ጣቶች ላይ በተጋገረ ጊዜ ቅዝቃዜው ወደ ውሃው በደንብ እንዳይተላለፍ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል፤ በረዶው ያንሳል፣ ሲላቀቅም ያስቸግራል። የውሃውን መጠን የሚያይ መሣሪያ በተሸፈነም ጊዜ፣ ውሃ ሞልቶ ሳለ መኪናው «ውሃ የለም» የሚል መብራት ያበራል። ስለዚህ ብዙ ሰው ተሰበረ ብሎ የሚጥለው መኪና የሚሻው ኮምጣጤ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ኖራውን ለማስለቀቅ ነጭ ኮምጣጤ ወይም በዱቄት መልክ የሚሸጠውን የሎሚ አሲድ መያዝ ነው። እኛ አንድ እጅ ኮምጣጤ በአራት እጅ ውሃ እንበርዛለን፤ ዱቄቱ እንደ ሆነ ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ይህ ወደ ጕድጓዱ ይጨመርና፣ መኪናው ራሱን የሚያጥብበት ቁልፍ ካለው በዚያ ተነሥቶ ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ያህል ውሃውን ያመላልሳል። ቁልፉ የሌለው እንደ ሆነ ጨርቅ በዚያው ነክሮ ጣቶቹን አንድ በአንድ መጠቅለልና ከሩብ ሰዓት በኋላ በቀስታ ማሸት ነው። በቢላ ወይም በሽቦ መፋቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ የብረቱ ልባስ ከተጫረ በኋላ ዝገት ይጀምረዋል፤ ቱቦው ከተበሳም ጋዙ ይወጣል፤ ያ ጋዝ በብዙዎቹ አዲስ መኪናዎች ውስጥ እሳት የሚያቀጣጥል ዓይነት ነው። ቅርፊቱ በአንድ ጊዜ አልለቅ ቢል ሥራውን በማግሥቱ መድገም ይሻላል፤ ኮምጣጤውን ግን ጎማዎቹን እንዳይጎዳ በውስጡ ማሳደር አይገባም።

ከዚህ በኋላ ኮምጣጤው ፈስሶ በንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ዙር በረዶዎች ማንም ሳይቀምሳቸው መድፋት ነው። ባለቤታችን እነዚህን ለአበባ ማጠጫ ታደርጋቸዋለች፤ እኛ ግን ጥቂት ኮምጣጤ የቀረበት እንደ ሆነ ለአበባው የሚስማማው አይመስለንም።

ስለ በረኪና ብዙ ሰው ይጠይቀናል። ልጋጉ የበዛ ከሆነና መመሪያው የሚፈቅድ ከሆነ፣ ሽታ ያልተጨመረበትን አምስት በመቶ የሆነ በረኪና አንድ የሾርባ ማንኪያ በአራት ሊትር ውሃ በርዞ የውስጡን ግድግዳ መወልወል፣ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያም በሚገባ ማለቅለቅ ይቻላል። ነገር ግን ከዚህ የምንናገረውን ቃል እባካችሁ በማድ ቤት ለሚሠሩት ሁሉ አስረዱ፤ በረኪናና ኮምጣጤ አንድ ላይ አይገናኙም። ሁለቱ በተቀላቀሉ ጊዜ ክሎሪን የሚባለው የሚያንቅ ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ ማድ ቤት ውስጥ ሳንባን ያቃጥላል፣ ሲበዛም ይገድላል። የሎሚ አሲዱም እንደዚሁ ነው። ኮምጣጤ ዛሬ ከሆነ በረኪናው ሌላ ቀን ይሁን፤ በመካከላቸውም ብዙ ውሃ ይፍሰስ።

የታጠበው መኪና ክዳኑ ክፍት ሆኖ ይደር። እርጥብ ሆኖ የተዘጋ ነገር ሁሉ ሻጋታ ያበቅላል። ለብዙ ቀን የማንሠራበት ከሆነም ውሃውን ሁሉ አፍስሶ፣ በደረቅ ጨርቅ ወልውሎ ማስቀመጥ ነው እንጂ፣ «ነገ እንጠቀምበታለን» እያሉ ውሃ አቍሮ መተው ከስንፍና ሁሉ የከፋው ነው። ይህንንም የምንለው ስለ ራሳችን ነው።

የሚጨመረው ውሃ አስቀድሞ ፈልቶ ቢቀዘቅዝ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛው ተሕዋስያኑ ይሞታሉ፤ ሁለተኛው ከኖራው ብዙው በማፍያው ዕቃ ሥር ይቀራል፤ ከላይ የጠለለውን በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ ማስገባት ነው። ትኵስ ውሃ ግን አይጨመርም። የትናንቱ ውሃ ጧት ይፈስሳል፤ መብራት በጠፋ ጊዜም በረዶው ቀልጦ ለብ ወዳለው ጕድጓድ ስለሚወርድ፣ ብዙ ሰዓት የጠፋ እንደ ሆነ ያንን ውሃ ማፍሰስ ይገባል። መብራቱ ሲመለስም ወዲያው ከማስነሣት አምስት ደቂቃ መታገሥ ለሞተሩ ዕድሜ ነው።

በረዶውን በእጅ ማንሣት፣ ወይም በብርጭቆ መዛቅ ልማድ ሆኗል። ብርጭቆ ሲሰበር ስባሪው ከበረዶው አይለይም፤ ይህን የሚያህል አደጋ በአንዲት የላስቲክ ማንኪያ ማስቀረት ይቻላል። ማንኪያውም በቅርጫቱ ውስጥ ተቀብሮ አይኑር፤ ከውጭ በንጹሕ ሳህን ላይ ይቀመጥ።

መኪናው የሚቆምበት ቦታ ፀሐይ የማይደርስበት፣ ከምድጃም የራቀ ይሁን፤ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ በጎኑ ባለው ወንፊት የሚወጣው ሙቀት መሄጃ ይሻልና። ያ ወንፊት በከተማችን አቧራ በቶሎ ስለሚደፈን በወር አንድ ጊዜ ሶኬቱ ተነቅሎ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። በጉዞ ጊዜ ተዘቅዝቆ ወይም በጎኑ ተኝቶ የመጣ መኪናም ቀጥ ብሎ ቆሞ አንድ ቀን ሳያድር አይነሣ፤ የሞተሩ ዘይት ወደ ቦታው የሚመለሰው በዚህ ነው።

ስለ ልጅቱ የጀመርነውን እንጨርስ። የአክስትዋን ቤት በገንደ ቆሬ ጠይቀን አገኘነውና አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከባለቤታችን ጋር ሄድን። ያስቀረነውን ደመወዝ ከወሩ ሙሉ ጋር አድርገን ይዘን ነበር። አክስቲቱ ቡና አፈላች፤ ዋስ የነበረውም ሰው ተጠርቶ መጣ፤ በእነርሱ ፊት ያደረግነውን ተናግረን ይቅርታ ለመንን። ልጅቱ አንገትዋን ደፍታ ብዙ ቆየችና፣ «ጋሼ፣ ውሃ ጨምሪ ስባል ጨመርሁ፤ እጠቢ ብባል ምን ይከብደኝ ነበር?» አለች። የምንመልሰው አልነበረንም።

ወደ ቤታችን እንድትመለስ ባለቤታችን ለመነቻት፤ እርስዋ ግን በአንድ ጭማቂ ቤት ሥራ እንደ ያዘች ነገረችን። ከዚያም ጥቂት ዝም ብላ፣ «በዚያም እንደ እትዬ ያለ መኪና አለ፤ ትልቅ ነው፤ እሱስ ይታጠባል?» ብላ ጠየቀች። በመጪው ሳምንት ከዚያ ቤት የመኪናውን መመሪያ ተውሳ አመጣችልን። ሁለቱንም ወደ አማርኛ መልሰን በትልልቅ ፊደል ጻፍናቸው። የእርስዋ በጭማቂ ቤቱ ከውሃ ቧንቧው በላይ ተሰቅሏል። የእኛ በማድ ቤታችን ግድግዳ ላይ ነው፤ ዐርብ ማታ መኪናውን የማጠብ ተራም የእኛ ነው።